«በጽሑፍ ያለ ይወረሳል»፤ ወራሹ ግን ማን ነው? ስለ ጉራጌ ቅርስ ጥናት የቀረበ ሂስ

አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ብለው የጽሕፈትን ጥቅም በአጭር ቃል አስረድተውናል። ይህ ምሳሌ በትምህርት ቤትም በስብሰባም ሲጠቀስ እንሰማለን። ዳሩ ግን ሁለተኛውን ክፍል ጠጋ ብለን ስንመረምረው አንድ ጥያቄ ሳይመለስ መቅረቱን እናያለን። በጽሑፍ ያለ ይወረሳል፤ መልካም ነው፤ ነገር ግን ወራሹ ማን ነው? ጽሑፉን አንብቦ የራሱ ሊያደርገው የሚችል ወራሽ ከሌለ፣ የተጻፈውም ነገር ከተረሳው የሚለየው በጥቂቱ ብቻ ነው።

ለዚህ አባባላችን ምስክር የሚሆን በጉራጌ ምድር የቆመ ድንጋይ አለ። ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ በሚወስደው መንገድ፣ በሶዶ አገር፣ ጢያ በተባለው ስፍራ 36 ትክል ድንጋዮች ይገኛሉ፤ ከእነዚህም 32ቱ ቅርጽ የተቀረጸባቸው ናቸው። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስ መዝገብ አስገብቷቸዋል። የሰይፉን ሥዕል ማንም ሰው አይቶ ይለየዋል፤ ከሰይፉ ጋራ የተቀረጹት የሌሎቹ ምልክቶች ፍቺ ግን እስከ ዛሬ ለሊቃውንት አስቸጋሪ ሆኖ ይገኛል። ጠራቢው አሳቡን በማይጠፋ ነገር ላይ አኑሮት ነበር። የጠፋው ድንጋዩ አይደለም፤ አንባቢው ነው እንጂ።

እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው፣ ስለ ጉራጌ ሕዝብ ቋንቋና ባህል የተጻፉት ታላላቅ መጻሕፍት ለባለቤቱ ምን ያህል እንደ ደረሱለትና ዲጂታል የሚባለው የዘመናችን የዕውቀት መንገድ ይህን ጉድለት ሊያሟላ የሚችለው በምን ሁኔታ እንደ ሆነ ነው። ጉዳዩ ወልቂጤን ዋና ከተማው ያደረገውን የጉራጌ ዞንን፣ እንዲሁም ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በ2015 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ቡታጅራን መቀመጫው ያደረገውን የምሥራቅ ጉራጌ ዞንን በቅርብ ይመለከታል። ይሁን እንጂ በአገራችን የራሱ ቋንቋ ያለው ሕዝብ ሁሉ ይህንኑ ጥያቄ ይጠይቃል።

በመጀመሪያ ለተሠራው ሥራ ተገቢውን ምስጋና ማቅረብ ይገባናል። ስለ ጉራጌ የተደረገው ጥናት ጥቂት ነው ለማለት አይቻልም። ፕሮፌሰር ዎልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1950 ስለ ጉራጌ ቋንቋ ያጠናቀሩትን ካሳተሙ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1979 የጉራጌን የቃላት ምንጭ መዝገብ በሦስት ጥራዞች አውጥተዋል። የመጀመሪያው ጥራዝ የ12 አነጋገሮችን መዝገበ ቃላት ለየብቻ፣ ሁለተኛው በእንግሊዝኛ የተዘጋጀውን መፈለጊያ፣ ሦስተኛው የቃላቱን ምንጭና ዝምድና ይዟል። ጥቁር አሜሪካዊው የኅብረተ ሰብ ተመራማሪ ዊልያም ሻክም እ.ኤ.አ. በ1966 ጉራጌን የእንሰት ባህል ሕዝብ ብለው የገለጹበትን መጽሐፍ አሳትመዋል፤ ቀጥሎም እ.ኤ.አ. በ1974 ከኢትዮጵያዊው ምሁር ከሀብተ ማርያም ማርቆስ ጋራ ሆነው ስለ አማልክትና ስለ ጀግኖች የሚነገረውን የቃል ትውፊት ለንባብ አብቅተዋል። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም ደግሞ በቸሃ ቋንቋ የጻፉት «የሽኔጋ መንደር» በሌስላው ወደ እንግሊዝኛ ተተርጕሞ እ.ኤ.አ. በ1964 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ታትሟል።

እነዚህ ሥራዎች እያንዳንዳቸው ከፍ ያለ ዋጋ አላቸው። የሌስላው መዝገብ በመንደርና በመንደር መካከል ያለውን የአነጋገር ልዩነት ሳይደባልቅ በየቤቱ ለይቶ ማቅረቡ ታላቅ ትዕግሥት የተደረገበት ሥራ ያሰኘዋል። ሻክ እንሰትን እንደ ተራ ምግብ ሳይመለከቱ ከቤቱ አኗኗር፣ ከሰፈሩ አቀማመጥና ከሕዝቡ እምነት ጋራ አያይዘው መመርመራቸው ለኋለኞቹ ተመራማሪዎች መንገድ ከፍቷል። ሣህለ ሥላሴ ደግሞ ሌሎቹ ከውጭ ሆነው ያዩትን ኑሮ ከውስጥ ሆነው አሳይተውናል። ሽኔጋ የተባለውን ልጅ ዕድገት እየተከተሉ የመንደሩን ሥራና ጨዋታ ሲተርኩ፣ አንባቢው የጥናት መጽሐፍ የማይሰጠውን ነገር ያገኛል፤ ይኸውም ሰውዬው ራሱ ኑሮውን እንዴት እንደሚያየው ነው።

ነገር ግን ሂስ ምስጋና ብቻ ሊሆን አይገባውም። እነዚህን መጻሕፍት በአንድ መደርደሪያ ላይ ደርድረን ስንመለከት አንድ የጋራ ጠባይ አላቸው፤ ሁሉም ስለ ጉራጌ ተናገሩ እንጂ ለጉራጌ አልተናገሩም። መዝገበ ቃላቱ የጉራጌን ቃል በላቲን ፊደል ጽፎ በእንግሊዝኛ ይፈታዋል። የሻክም መጻሕፍት በእንግሊዝኛ የተጻፉ ናቸው። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነው፣ በቸሃ ቋንቋ የተጻፈውን ልብ ወለድ የንባብ ዓለም ያወቀው በእንግሊዝኛ ገጹ መሆኑ ነው። በእምድብር ወይም በጉንችሬ የሚኖር የአንድ ገበሬ ልጅ የሴት አያቱን ቃል በዚያ መዝገብ ውስጥ ለመፈለግ ቢነሣ፣ በመጀመሪያ መጽሐፉን ከሚያገኝበት ከተማ መድረስ፣ ቀጥሎ እንግሊዝኛ ማወቅ፣ ከዚያም የቋንቋ ሊቃውንትን የድምፅ ምልክት ማጥናት አለበት። ሦስቱን በር አልፎ ሲገባ የሚያገኘው ከቤቱ ወጥቶ የሄደውን የገዛ ቃሉን ነው።

ለደራስያኑ ግን መፍረድ አስፈላጊ አይደለም። እነርሱ ለሊቃውንት ጻፉ፤ ሊቃውንትም አነበቡላቸው። በላቲን ፊደል የተጻፈበትም ምክንያት ያለ ፍርድ ሊታይ የሚገባው ነው። የሰባት ቤት ጉራጌ አነጋገር አማርኛ የማያውቃቸው ድምፆች አሉት። አማርኛ ለ«ቀ»፣ ለ«ከ» እና ለ«ገ» ከንፈር የሚጨመርባቸውን ድምፆች በ«ቈ፣ ቊ፣ ቋ፣ ቌ፣ ቍ» ዓይነት ሙሉ ተራ ሲጽፍ፣ ለ«መ»፣ ለ«በ» እና ለ«ፈ» ያለው «ሟ»፣ «ቧ» እና «ፏ» ብቻ ነው፤ በቸሃ ግን ሌሎቹም ያስፈልጋሉ። ደግሞም በላንቃ የሚለሰልሱ የ«ከ»፣ የ«ገ» እና የ«ቀ» ድምፆች አሉ። እኛ «ጌቶ» ብለን የምንጽፈው ስም የመጀመሪያው ድምፅ በአገሩ ሰው አንደበት በ«ግ» እና በ«የ» መካከል የሚለሰልስ ነው፤ በአማርኛው ፊደል ይህ ልስላሴ ይቀራል። በፊደል ያልተወከለ ድምፅ በጽሑፍ ዓለም እንደሌለ ይቈጠራል።

በዚህ በኩል የዘመናችን ሥራ መልካም ነገር አምጥቷል። ኮምፒዩተሮችና የእጅ ስልኮች የዓለምን ፊደላት የሚለዩበት ዩኒኮድ የተባለው መዝገብ የኢትዮጵያን ፊደል የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ለሰባት ቤት ጉራጌ ድምፆች የሚሆኑ ፊደላት ተጨመሩበት፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ የጉራጌኛው አጻጻፍ ከተሻሻለ በኋላ ሌሎች 28 ፊደላት ገቡ። እንግዲህ የዛሬ ሰባ ዓመት ተመራማሪው «በአገሩ ፊደል ልጻፈው ብል ፊደሉ አይበቃኝም» ብሎ ቢያመካኝ ያስኬደው ነበር፤ የዛሬው ተመራማሪ ግን ይህን ምክንያት ሊያቀርብ አይችልም።

ሆኖም ፊደሉ በዓለም መዝገብ መግባቱ አንድ ነገር ነው፤ በሰው እጅ መግባቱ ሌላ ነው። አዲሱን ፊደል የሚያሳይ ቅርጸ ፊደል በስልኩ ላይ ካልተጫነ፣ ከአዲስ አበባ የተላከለት ቃል ለወልቂጤው ተማሪ የሚታየው ባዶ አራት ማዕዘን ሆኖ ነው። የመጻፊያው ገበታም ፊደሉን ካልያዘ፣ ልጁ በአማርኛው ፊደል አቀራርቦ ይጽፈዋል፤ ድምፁም እንደ ገና ይጠፋል። ስለዚህ «ፊደል ተሰጥቶናል» ብሎ መርካት መንገድ ከተቀየሰ በኋላ ድልድዩን ሳይሠሩ ሥራውን ተፈጸመ እንደ ማለት ነው።

እዚህ ላይ «ሩቅ» የሚለውን ቃል ራሱን መመርመር ይገባናል። በዲጂታል ሥራ ስለ ሩቅ መንደር ሲነገር ሁላችንም የምናስበው መብራትና ኢንተርኔት ያልደረሰበትን ተራራማ ቀበሌ ነው። ይህ እውነት ነው፤ ግን ግማሽ እውነት ነው። የጉራጌ ሕዝብ ለንግድና ለሥራ ወደ አዲስ አበባና ወደ ሌሎች ከተሞች በመውጣት የታወቀ ነው። በመርካቶ አካባቢ የተወለደ የልጅ ልጅ ፈጣን ኢንተርኔት በኪሱ ይዞ ይዞር ይሆናል፤ ከሴት አያቱ ቋንቋ ግን ሩቅ ነው። አያቲቱ ደግሞ ቃሉን ሁሉ በልባቸው ይዘው ከኢንተርኔቱ ሩቅ ናቸው። እንግዲህ ርቀቱ ሁለት ነው፤ አንዱን ብቻ የሚያቃልል ሥራ ሌላውን እንደ ነበረ ይተወዋል።

ሁለቱ የሚገናኙበት ጊዜ ግን አለ። መስቀል ሲደርስ በየከተማው የተበተነው የጉራጌ ልጅ ወደ ተወለደበት ቀዬ ይመለሳል። ዩኔስኮ የመስቀልን በዓል እ.ኤ.አ. በ2013 ከሰው ልጅ የማይዳሰሱ ቅርሶች መካከል ሲመዘግብ የተመለከተው በመላ አገሪቱ የሚከበረውን በዓል ነው፤ በጉራጌ ቤት ግን መስቀል ከሁሉ በላይ የመገናኛ ቀን ነው። ስልኩ ያለው ወጣትና ቃሉ ያላቸው ሽማግሌ በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በአንድ የክትፎ ገበታ ዙሪያ የሚቀመጡት ያን ጊዜ ነው። ለቅርስ ጥናት የሚመደብ ገንዘብና የሰው ኀይል ከዚህ ወቅት ጋራ ቢገጣጠም ብዙ ድካም እንደሚያቃልል እናምናለን።

ሲቀረጽም ማን እንደሚጠየቅ አስቀድሞ መታሰብ አለበት። እንሰት መፋቅ፣ ቆጮውን ማብላላት፣ ቡላውንና ቃጫውን መለየት የሴቶች ሥራ ስለ ሆነ፣ የዚህ ሥራ ቃላትም ከሁሉ ይልቅ በሴቶች አንደበት ይኖራሉ። ተመራማሪ ወደ አንድ ሰፈር ሲገባ ግን ብዙውን ጊዜ የሚቀርቡለት ወንዶች ሽማግሌዎች ናቸው። ስለ እንሰት ጠይቆ እንሰት ፋቂዋን ሳያነጋግር የሚመለስ ተመራማሪ፣ ስለ ጦርነት ጠይቆ ወታደሩን እንደ ተወ ሰው ይቈጠራል።

ደግሞም የቅርስ ማኅደር በሩ ፊደል ብቻ ከሆነ፣ ቅርሱን የሰጡት ሽማግሌና አሮጊት ሊገቡበት አይችሉም። ማንበብ ላልተማረ ሰው የዲጂታሉ በር ድምፅ ነው። በየገጠር ከተማው ትንንሽ ሱቆች ዘፈን በ«ሚሞሪ» ካርድ እየጫኑ ሲሸጡ እናያለን፤ ገዢውም ያለ ኢንተርኔት በተራ ስልኩ ያዳምጠዋል። ተረቱ፣ ለቅሶው፣ የሽማግሌው የዳኝነት ንግግር በዚሁ መንገድ ወደ ተነገረበት ቤት ሊመለስ የማይችልበት ምክንያት የለም። በታላቅ ወጪ በተሠራ ድረ ገጽ ላይ ተቀምጦ ማንም ከማይከፍተው ሥራ ይልቅ በአንድ ትንሽ ካርድ ተጭኖ በየቤቱ የሚሰማው ይበልጣል።

ተመላልሶ የመሥራትን ጥቅም ለማየት ወደ ውጭ አገር መሄድ አያስፈልገንም። በቡታጅራና በዙሪያዋ ባሉት ቀበሌዎች እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ የኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋራ በመተባበር የሕዝቡን ልደትና ሞት ሲመዘግብ ኖሯል። መዝጋቢዎቹ አንድ ቀን መጥተው የሚሄዱ እንግዶች አልነበሩም፤ ከአካባቢው የተመለመሉ ሰዎች ሆነው ወደዚያው ቤት እየተመላለሱ የሚጠይቁ ነበሩ። በዚህም ምክንያት የቡታጅራ ስም በዓለም የጤና ጥናት ዘንድ የታወቀ ሆኗል። አንድ ሕፃን መወለዱን ለመመዝገብ ይህን ያህል ከተጋን፣ ያ ሕፃን የሚሰማው የእሹሩሩ ዜማ ምን እንደ ነበረ ለመመዝገብም እንዲሁ መትጋት ይገባናል። የባህል ጥናታችን ዋና ድካም የዕውቀት ማነስ አይደለም፤ አንድ ጊዜ ጠይቆ አለመመለስ ነው።

አሁን ከሁሉ ወደሚከብደው ጥያቄ እንደርሳለን፤ የተሰበሰበው ሁሉ ለሁሉ ሊገለጥ ይገባዋልን? አንዳንድ ሰዎች «ቅርስ የሁሉ ነው፤ ስለዚህ ሁሉም በግልጽ ይቀመጥ» ይላሉ። አሳባቸው ቅን ነው፤ ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1964 ስለ ኢትዮጵያ የምስጢር ቋንቋዎች ባሳተሙት መጽሐፍ ውስጥ፣ በጉራጌ አገር ለደሟሚት መንፈስ የተለዩ ሴቶች እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩበት ቋንቋ ይገኛል። ይህ ቋንቋ የተፈጠረው ሌላ ሰው እንዳያውቀው ነበር። ለሳይንስ የሰጠው ጥቅም አይካድም፤ ሆኖም ዛሬ ይህን የመሰለ ነገር በመጽሐፍ ሳይሆን በኢንተርኔት ላይ ቢወጣ፣ በአንድ ቀን ከባለቤቶቹ ቍጥጥር ፈጽሞ ይወጣል። መጽሐፍ በመደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ ርቀቱ ራሱ ጥቂት ይጠብቀዋል፤ ዲጂታል ማኅደር ግን ይህ ጠባቂ የለውም።

በአውስትራሊያ የዋሩሙንጉ ሕዝብ ይህን ችግር በራሱ ሥርዐት መፍትሔ አበጅቶለታል። እ.ኤ.አ. በ2007 ሙኩርቱ በሚል ስም በተጀመረው ማኅደር፣ እያንዳንዱ ፎቶግራፍና ድምፅ ማን ሊያየው ወይም ሊሰማው እንደሚገባው የሚወሰነው በሕዝቡ ወግ መሠረት ነው። ለሁሉ የተፈቀደ አለ፤ ለቤተ ሰብ ብቻ የተፈቀደም አለ። አሳቡ ከሩቅ አገር የመጣ ቢመስልም ለጉራጌ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። የጉራጌን መንደር ያየ ሰው ጀፎረን ያውቃል። ጀፎረ በሁለቱ ወገን በተሠሩት ቤቶች መካከል የተዘረጋው ሰፊና ለምለም መንገድ ነው፤ ሠርግም ለቅሶም ጨዋታም የሚሆነው በእርሱ ላይ ነው። ማንም ሰው አጥሩን ገፍቶ ጀፎረውን ሊቈርስ አይችልም፤ ወጉ ይከለክለዋል። እንዲሁም ማንም መንገደኛ ጀፎረው የጋራ ነው ብሎ የሰውን አጥር አልፎ ወደ ጓዳ አይገባም። የቅርስ ማኅደርም ይህን ሁለት ሕግ ሊጠብቅ ይገባዋል፤ የጋራውን ማንም ለራሱ እንዳያጥረው፣ የጓዳውንም ማንም ወደ ጎዳና እንዳያወጣው።

በአገራችን የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቍጥር 209/1992 ቅርስ የሚጠናበትን ሥርዐት ደንግጓል። ነገር ግን ከመሥሪያ ቤት የሚሰጥ ፈቃድ የባለቤቱን ፈቃድ አይተካም። የሰባት ቤት ጉራጌ በየጆካ ሸንጎ፣ ክስታኔም በጎርደና ሴራው ጉዳዩን መክሮ የሚወስንበት ሥርዐት አለው፤ ተመራማሪ በነዚህ ፊት ቀርቦ የሚሰበስበውን ነገርና የሚያኖርበትን ስፍራ ቢያስረዳ ክብሩ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ለዚህም ቢሆን አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። የቃቄ ወርድወት በየጆካ ፊት ቆማ በጋብቻ ሕግ የሴቶችን በደል እንደ ተከራከረች በትውፊት ይነገራል፤ ታሪኳም በልብ ወለድና በመድረክ በአማርኛ ቀርቦ ብዙ ሰው አውቆታል። ይህ ታሪክ የሚያስተምረን፣ የሸንጎው ድምፅ የሕዝቡ ድምፅ ሁሉ እንዳልሆነ ነው። ፈቃድ ስንጠይቅ ሴቶቹንም ጭምር መጠየቅ አለብን።

«ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ጉራጌኛ ብዙ አነጋገር ያለው ነው፤ አማርኛ ደግሞ ሁሉን ያግባባል» የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። አማርኛ ማግባባቱን እኛም በዚሁ ጽሑፍ እያሳየን ነው። ነገር ግን የጋራ ቋንቋ መኖር የቤቱን ቋንቋ ለመተው ምክንያት አይሆንም፤ አደባባይ ያለው ሰው ቤቱን አያፈርስም። አነጋገሩ ብዙ መሆኑም ለመተው ሳይሆን ለመፍጠን ምክንያት ነው፤ ምክንያቱም ጥቂት ተናጋሪ ያለው አነጋገር ከሁሉ በፊት ይጠፋል።

ስለዚህ ለሦስት ወገኖች አሳባችንን እናቀርባለን። በኀላፊነት ላይ ያሉ ሰዎች ለባህል ጥናት ገንዘብ ሲፈቅዱ፣ ሥራው በአገሩ ፊደልና በድምፅ ተዘጋጅቶ ለሕዝቡ የሚመለስበትን ዕቅድ አብረው ይጠይቁ፤ መመለሻ የሌለው ጥናት ያላለቀ ጥናት ተብሎ ይቈጠር። መምህራን፣ በተለይም በወልቂጤ ዩኒቨርሲቲና በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ያሉት፣ ተማሪው የአያቱን ቃል ቀርጾ በአዲሱ ፊደል ጽፎ ማምጣትን እንደ ተገቢ የትምህርት ሥራ ይቀበሉት። ተማሪዎችም የቀረጹትን ለማሳየት ከመቸኰላቸው በፊት የተናጋሪውን ፈቃድ ይጠይቁ፤ ከቀረጹም በኋላ ተመልሰው ያሰሙት።

የጉራጌ ሕዝብ በ1950ዎቹ ዓ.ም. መንግሥት መንገድ እስኪሠራለት ሳይጠብቅ ከየሰፈሩና ከየከተማው ገንዘብ አዋጥቶ የመንገድ ሥራ ድርጅት ማቋቋሙ የታወቀ ነው። ያ መንገድ ሰውንና ሸቀጥን አገናኝቷል። አሁን የሚያስፈልገው መንገድ ቃሉን ከተናጋሪው፣ ተናጋሪውንም ከወራሹ ጋራ የሚያገናኝ ነው። መሣሪያው አለ፤ ፊደሉም አለ፤ ቃሉን የያዙት ሰዎችም ዛሬ በሕይወት አሉ። ከእነዚህ ከሦስቱ ነገሮች ሊተካ የማይችለው የመጨረሻው ብቻ መሆኑን አንባብያን ሁሉ እንዲያስቡት አደራ እንላለን።